የመክብብ የእሳት እራት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ለክረምቱ ሹራብ ልታወጣልኝ ቁም ሳጥኗን ስትከፍት የናፍታሌን ሽታ አፍንጫዬን መታው። ሹራቡን ይዛ ቆማ፣ "አክስቴ፣ ምነው ፈዘዝሽ?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። ለእሷ ናፍታሌን ብል የሚያባርር ነጭ እንክብል ነው፤ ምኑን አስረዳታለሁ? ለኔ ግን ፒያሳ ነው። ሌላው ሰው ፒያሳን በኬክና በማኪያቶ ሽታ ያስታውሳል፤ እኔም ኬኩን አልጠላም ነበር። ነገር ግን ወጣትነቴን የጨረስኩት የደረቁ ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች በመርፌ ተሰክተው በተደረደሩበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ልብሴም ፀጉሬም ናፍታሌን ናፍታሌን ይል ነበር። እናቴ ማታ ስገባ በሩ ላይ ታስቆመኝና "ነጠላሽን እዚያው ውጭ ስቀይው" ትለኝ ነበር፤ ነፍሷን ይማርና።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ቁጥር ድሮም አይሆንልኝም። ደርግ ነበር፤ ይበቃል። ማኪያቶ በስሙኒ የሚጠጣበት፣ ባንኮኒውን ተደግፎ የቆመ ሰው ጎረቤቱን ሳያይ ወሬ የማይጀምርበት ጊዜ ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ወንዶቹ ሁሉ አፍሮና ቤል ቦተም ነበሩ፤ የሱሪያቸው እግር የቸርችልን ጎዳና እየጠረገ ነው የሚወርደው። ከዚያ ባንድ ክረምት ያ ሁሉ አፍሮ ተቆረጠ፣ ካኪ መጣ። ከሙዚቃ ቤቶቹ በር ላይ ይሰማ የነበረው የፍቅር ዘፈን በሰልፍ ዘፈን ተተካ፤ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ ሲያንባርቅ ይውላል። ቤተሰቦቼ ጴንጤ ስለሆኑ የኛ መዝሙር ከነጭራሹ ጠፋ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ እሑድ እሑድ መስኮት ዘግተን፣ ከንፈራችንን ብቻ እያንቀሳቀስን ነበር የምንዘምረው። አሁን ከዚያ ሰፈር አንድም ነገር አልቀረ፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ ጥላ ያላቸው ረጃጅም መብራቶች ተተክለዋል፣ ያምራል ይላሉ። ያምር ይሆናል። እኔ ባለፈው ሄጄ የጋሽ ወልደየስ ሱቅ የነበረበትን ቦታ እንኳ በግምት ነው የለየሁት።

ጋሽ ወልደየስ ከፒያሳ ወደ አትክልት ተራ በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። መስታወት ቆራጭ ናቸው። የፎቶ ፍሬም፣ የመስኮት መስታወት፣ ለሠርግ የሚሰጥ መስታወት ይሠራሉ፤ ለኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ክዳናቸው መስታወት የሆነ፣ አቧራ የማያስገቡ የእንጨት ሳጥኖች። እኛ የነፍሳት ክፍል እንባላለን፤ ነፍሳት እየሰበሰብን እናጠናለን፤ ሦስት ነን። ኃላፊያችን ዶክተር ዲንሳ፣ ከወለጋ የመጡ፣ እንደኔው ጴንጤ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው። እኔ ሠዓሊዋ፤ አጉሊ መነጽር ሥር ያለውን ነፍሳት በቀለም ብዕር እሥላለሁ። ሦስተኛው መክብብ ነው፣ የጋሽ ወልደየስ ልጅ። ዩኒቨርሲቲውን ጨርሶ በሙያው የተቀጠረ፣ ሽቅርቅር፣ አፉ የማያርፍ የአራዳ ልጅ። ሰፈሩ በሙሉ አባቱን "የመክብብ አባት" ነው የሚላቸው። ሳጥን ላዝ ሄጄ "ጋሽ ወልደየስ" ስላቸው፣ "እሱ ደግሞ ማነው?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በኔና በመክብብ መካከል ነገር አለ ይባል ነበር። አልነበረም። ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን በዚህ ዕድሜዬ ማንን አፍሬ ነው የምደብቀው?

አንድ ቀን ጠዋት መክብብ የመድኃኒት ጠርሙስ ይዞ ገባ። ከላዩ በጥጥ ደፍኖታል። "እመቤቲቱን ተዋወቂያት" ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ጠርሙሱ ውስጥ ከስሙኒ ብዙም የማትሰፋ፣ ጥላሸት የመሰለች የእሳት እራት አለች። ከዚያች የባሰች መልከ ቢስ ነፍሳት አይቼ አላውቅም።

"የት አገኘሃት?"

"ሲኒማ ቤቱ በር ላይ። ምሽት ላይ ሰው ለትኬት ይሰለፋል፣ እሷ ደግሞ አምፖሉን ትዞራለች። ኮፍያዬን አውልቄ ከግድግዳው ላይ አፈስኳት። ሰልፉ በሙሉ አበደ ብሎ አየኝ።"

"አብደሃል እኮ። ፒያሳ መሃል ደግሞ ምን አዲስ ነገር ይገኛል?"

"ገልብጠሽ እያት" አለኝ።

ገልብጬ አየኋት። የኋላ ክንፏ ከሥሩ የዛገ ብረት ቀለም ነበረው፤ መሃሉ ላይ አንዲት ነጭ ቅስት ተስላበታለች፣ አጉሊ መነጽር ሥር ስትታይ እያንዳንዷ ቅርፊት የብር ብናኝ ናት። ወዲያው የቀለም ብዕሬን አነሳሁ። መክብብም አንዴ እንኳ ሳይቀልድ ጠበቀኝ፤ ለሱ ይህ ብርቅ ነው።

አንድን ነፍሳት አዲስ ነው ለማለት ምን ያህል እንደሚለፋ ሰው አያውቅም። ክንፉን ዘርግቶ በመርፌ ማድረቅ፣ የክንፉን ደም ሥር አንድ በአንድ መሣል፣ አንቴናውን፣ እግሩን መለካት፣ ከዚያ በየመጽሐፉ ካሉት ዘመዶቹ ጋር ማስተያየት። ይህም አይበቃም። የእሳት እራቶች በክንፍ ይመሳሰላሉ፤ እርግጡ የሚታወቀው ሆዳቸው ተቆርጦ፣ በኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ፣ የመራቢያ ክፍላቸው ወጥቶ ሲታይ ነው። ዶክተር ዲንሳ የዚያን አካል ስም መጥራት ያፍሩ ነበርና "ያ ክፍል" ነው የሚሉት። "ያ ክፍል ተሥሏል?" ይሉኛል፣ ወደ መስኮቱ ዞረው። መክብብ ሳቁን ለመዋጥ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። የኛይቱ ያ ክፍል ሲወጣ ወንድ ሆና ተገኘች። መክብብ ግን እሷ ማለቱን አልተወም፣ እኛም ለመድን። በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ካለው የሐበሻ ጽድ ላይ ሌሎቹንም ሰበሰበ፣ ሴቶቹን ጭምር። በዓለም ላይ ማንም ያልጻፋት መሆኗ ሲረጋገጥ ዶክተር ዲንሳ ከወንበራቸው ተነስተው እጁን ጨበጡት። ኬክ ገዝቶ የጋበዘን ግን እሱ ነው።

ከዚያ መክብብን ወሰዱት። ከሥራ ወጥቶ ወደ ቤት ሲሄድ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ፣ በቀን። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ለምን የሚባል ነገር አልነበረም። ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ጋሽ ወልደየስ ሱቃቸውን ሊከፍቱ በጠዋት ሲወርዱ መንገድ ዳር ሬሳዎች ተጥለው፣ ሰው በሩቁ ቆሞ ነበር። ልጃቸውን በሹራቡ ለዩት። አይተውት አለፉ። ማለፍ ነበረባቸው፤ ለእንደዚያ ዓይነት ሟች ማልቀስ ክልክል ነው፣ ያለቀሰም አብሮ ይሄዳል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ገና ያልደረሱ ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። ሱቃቸውን ከፍተው የዚያን ቀን መስታወት ሲቆርጡ ዋሉ። ድንኳን አልተጣለ፣ ለቅሶ አልተደረሰ፣ ፍትሐትም ቢሆን በስውር እንጂ በወግ አልሆነም። ሬሳውንም መኪና መጥቶ አንስቶት ሄደ፤ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም።

ሰፈሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። "የመክብብ አባት" የሚል ሰው ባንድ ቀን ጠፋ። ክፋት አይደለም፤ ከፊሉ ፈርቶ፣ ከፊሉ አዝኖላቸው ነው። "እንደምን አደሩ፣ አቶ ወልደየስ?" ማለት ተጀመረ። በስማቸው ሲጠሩ የተሰደቡ ያህል ፊታቸው ሲጠቁር አያለሁ። እኔም መክብብን እንዳልጠራ እየተጠነቀቅሁ ሳጥን አዝዤ እወጣለሁ። ቢሮ ውስጥ ወንበሩ ባዶ ነው፤ የሱን ጠርሙሶች የሚነካ የለም። ዶክተር ዲንሳ ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ቆልፈው በጉልበታቸው ሲጸልዩ አንድ ሁለቴ ደርሼባቸዋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የኔ ሥዕሎች ተደርድረዋል። በዝግታ፣ "ስለ እሳት እራቷ የጀመርነውን ጽሑፍ እንጨርሰው። ስምም ያስፈልጋታል" አሉኝ። የአዲስ ነፍሳት ስም በላቲን ነው የሚወጣው፤ የሰው ስም ከሆነ ጫፉ ላይ አንድ ፊደል ትቀጠላለች። "መክብቢ ብንላትስ?" አሉ። ያንን ስም ከሰው አፍ ስሰማ ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው። አለቀስኩ፤ በእጄ አፌን ይዤ ነው ያለቀስኩት፤ በጊዜው ለቅሶ እንደዚያ ነበር። ሲወጣልኝ፣ "ያለ አባቱ ፈቃድ ግን አይሆንም" አልኳቸው። እሳቸውም እንደዚያው አስበው ነበር።

ሱቃቸው ስንገባ ጋሽ ወልደየስ መስታወት እየለኩ ነበር። ዶክተር ዲንሳ በሩን ገርበብ አድርገው ነገሩን አስረዷቸው። ጋሽ ወልደየስ ጣሊያን ቤት ሠርተው ያደጉ ስለሆኑ የፈረንጁን ፊደል ያነባሉ። ማስመሪያውን ሳያስቀምጡ አዳመጡ።

"ስሙ ይጻፋል?" አሉ።

"ይጻፋል።"

"የት?"

"ውጭ አገር፣ የዚህ ሙያ ሰዎች በሚያነቡት መጽሔት ላይ። እዚህ ማንም ልብ አይለውም፤ ለእናንተም ቤት አደጋ የለውም።"

"በኋላ ሊፍቁት ይችላሉ? ወረቀት ነው፤ ወረቀት ይቀደዳል።"

"አይችሉም" አሉ ዶክተር ዲንሳ። "ሕጉ እንደዚያ ነው። አንዴ ከታተመ ያወጣሁት እኔ እንኳ ልለውጠው አልችልም። ዓለም እስካለች የዚያች ነፍሳት ስም እሱ ነው።"

ጋሽ ወልደየስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "መቃብሩን አላውቀውም" አሉ፤ "ስሙ አንድ ቦታ ይኑረው። ጻፉልኝ።"

ጻፍን። ዶክተር ዲንሳ የጽሕፈት መኪናው ላይ ቁጭ ብለው በሁለት ጣታቸው መቱት፣ እኔ ሥዕሎቹን ደግሜ ሣልኩ፤ እንደዚያ አድርጌ የሣልኩት ሌላ ነገር በሕይወቴ የለም። ስሙ የተሰየመበትን ምክንያት በአንዲት አረፍተ ነገር መግለጽ ግድ ነው፤ ነፍሳቷን ለሰበሰባትና አሁን በሕይወት ለሌለው ለመክብብ ወልደየስ መታሰቢያ የሚል አደረጉት። እንዴት እንደሞተ አልተጻፈም። ፖስታው ሄደ። የሚታተመው ከመውጣቱ በፊት ለእርማት ይላክልናል ተብሎ ነበር፤ እሱ አልመጣም። የዚያን ጊዜ ፖስታ በስንት እጅ እንደሚከፈትና የት እንደሚቀር እንኳን እኛ ፖስታ ቤቱም አያውቅም። እኔ ሳጥን ልቀበል በሄድኩ ቁጥር ጋሽ ወልደየስ ቀና ብለው፣ "ገና ነው?" ይላሉ። ገና ነው እላቸዋለሁ። ሌላ ነገር አንነጋገርም። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። ስኳር በቀበሌ ሰልፍ ሆነ፣ ውይይት ታክሲ ላይ ተጨናንቀን እንሄዳለን፣ ሰው ከሳ። እሳቸው ግን የሚኖሩት ያንን እየጠበቁ መሆኑን አውቅ ነበር። ምግብ እንኳ በእሱ ምክንያት የሚበሉ ይመስለኝ ነበር።

መጽሔቱ የመጣ ቀን ዶክተር ዲንሳ ገልጠው አይተው ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ። አመማቸው ብዬ ውሃ ላመጣ ተነሳሁ። በጣታቸው አሳዩኝ። ሥዕሌ አለ፣ ክንፉ፣ ነጭዋ ቅስት፣ ያ ክፍል ሳይቀር። ከላይ ያለው ስም ግን ወልደየሲ ይላል። መክብቢ የለም። ከሥር ደግሞ፣ ነፍሳቷን ለሰበሰቡት ለሟቹ ለአቶ ወልደየስ መታሰቢያ ይላል።

"የቤተሰብ ስም መስሏቸው ነው" አሉ ዶክተር ዲንሳ። "በእነሱ አገር የሰው ስሙ ኋለኛው ነው። የጻፍኩትን አይተው፣ ይህ አፍሪካዊ ደንቡን ስቷል ብለው ነው ያረሙልኝ። ደግ ያደረጉ መስሏቸው።"

"አስለውጧቸው እንጂ።"

"አይለወጥም" አሉ። ራሳቸው በአፋቸው ለጋሽ ወልደየስ የነገሯቸው ሕግ ነው፤ አንዴ ታተመ። ማብራሪያዋን አረፍተ ነገር ማረሚያ መላክ ይቻላል፣ ስሙን ግን አይነካውም። መክብብ ጭራሽ የትም የለም ማለት ነው። ከዚህም የባሰ፣ ቆመው መስታወት የሚቆርጡትን ሰውዬ ሟች ብለዋቸዋል። ዶክተር ዲንሳ መጀመሪያ አንነግራቸውም አሉ፣ ገና ነው እንበላቸው። እኔ ተቆጣሁ። ኃላፊዬ ናቸው፣ ግን ተቆጣሁ። "እኚህ ሰው ገና ነው እየተባሉ እስኪሞቱ ይጠብቁ?" አልኳቸው። ኮታቸውን ለበሱ።

ቸርችልን ሽቅብ ወጣን። ሱቁ ስንደርስ ጋሽ ወልደየስ ሁለታችንን አብረን ሲያዩ ገባቸው፤ እጃቸውን በልብሳቸው ጠርገው፣ "መጣ?" አሉ። ዶክተር ዲንሳ መጽሔቱን ከኮታቸው ውስጥ አወጡና መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ጋሽ ወልደየስ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ከንፈራቸው በየፊደሉ ላይ ይንቀሳቀሳል። ቀና አሉ።

"ይሄ የኔ ስም ነው።"

ዶክተር ዲንሳ ሁሉንም ነገሯቸው፤ የፈረንጆቹን የስም አወጣጥ፣ ያልደረሰንን እርማት፣ ሊለወጥ አለመቻሉን። ይቅርታም ጠየቋቸው። ጋሽ ወልደየስ ግን የሚሰሙ አልመሰለኝም፤ ጣታቸውን ታችኛዋ አረፍተ ነገር ላይ አድርገዋል።

"ይቺ ምን ትላለች?"

እኔ ነኝ የነገርኳቸው። "ሟቹ አቶ ወልደየስ ትላለች፣ ጋሼ። በስህተት ነው።"

"ሞቻለሁ ነው የምትለው?"

"አዎ።"

"መክብብስ?"

"መክብብ አልተጠቀሰም።"

"ሞተ አይልም?"

"አይልም፣ ጋሼ።"

ከመሥሪያ ጠረጴዛው ጀርባ ያለችው ዱካ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ከተወለደ ጀምሮ ካንተ በፊት ያድርገኝ ስለው ነው ያደገው" አሉ። "ሲያመው እሱን ነው የምለው፣ ሲወድቅ እሱን ነው የምለው። ያን ዕለት በአጠገቡ ሳልፍ እንኳ በልቤ እኔን፣ እኔን እያልኩ ነው ያለፍኩት። አንድ ቦታ እንኳ ተሰማልኝ።" ዶክተር ዲንሳ ማረሚያ እንደሚልኩ ሊነግሯቸው ጀመሩ። "እንዳይነኩብኝ" አሏቸው። "እንዳለ ይሁን።"

ከዚያ አለቀሱ። እኛ እንደለመድነው አፍ ተይዞ አይደለም፤ ደረታቸውን እየመቱ፣ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ፣ ፒያሳ መሃል፣ ገርበብ ባለ በር፣ በቀን። ዶክተር ዲንሳ በሩን ሊዘጉ ሲነሱ ጠብመንጃ የያዘ የአብዮት ጠባቂ ብቅ አለ። ልጅ እግር ነው፤ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፣ ከሌላ ቀበሌ ይመስለኛል።

"ምንድነው? ማን ሞቶ ነው የሚለቀሰው?" አለ።

ጋሽ ወልደየስ እንባቸውን ሳይጠርጉ ቀና ብለው አዩት።

"ወልደየስ የሚባል ሰው ነው" አሉት። "መስታወት ቆራጭ ነበር። እዚሁ ሱቅ።"

"ታሞ ነው?"

"አዎ፣ ብዙ ጊዜ ታሞ።"

ልጁ ቆቡን አወለቀ። "ነፍስ ይማር፣ አባባ። እግዜር ያጥናችሁ" አለና መንገዱን ሄደ። ያንን ቃል እዚያ ቤት ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ዶክተር ዲንሳ እንደገና በሩን ሊዘጉ እጃቸውን ሲሰዱ፣ ጋሽ ወልደየስ ተዉት አሏቸው፤ ክፍቱን ይሁን። ከዱካዋ ወርደው እንደ ለቅሶ ቤት መሬቱ ላይ፣ የመስታወት ስባሪው ዳር ተቀመጡና ለእኛም በእጃቸው አጠገባቸው ቦታ አሳዩን።

"ተቀመጡ" አሉን። "አሁን አልቅሱለት።"